ደሃ መሆናችን የተመረመረበት ቅዳሜ

ደሃ መሆን ናዝሬት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቀላል ነገር ነበር። ቀበሌ መሄድ፣ ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ፊት አንገት ሰበር አድርጎ መቆም፣ «ጓድ፣ አቅም የለኝም» ማለት፣ ከዚያ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ መጠበቅ ብቻ ነው። በዚያች ወረቀት ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል በነፃ ይታከሙበታል። ታዲያ ከተማው ሁሉ ደሃ ሆነ። ወፍጮ ያለው ደሃ ሆነ፤ ጠጅ ቤት ያላት ደሃ ሆነች፤ የሊቀመንበሩ አማች ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ደኸየች። የእነዚህ ሰዎች ወረፋ ረዝሞ እውነተኛው ደሃ የሆስፒታል ደጅ ማደር ሲጀምር ከላይ መመሪያ ወረደ።

መመሪያው አጭር ነበር። ከእንግዲህ ወረቀቱ የሚሰጠው፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ የአመልካቹን ቤት ሄዶ፣ ኑሮውን በዓይኑ አይቶ ሲመሰክር ነው። ክፉ መመሪያ ነበር ብዬ አላምንም፤ ዛሬም አልልም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በቅን ልቦና ያሰበው ይመስለኛል። ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኛ አገር ሰው ቤት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የቤታችንን የፊት ክፍል በር ከፍቶ፣ የስፌት መኪናውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ይሰፋል። ዓይኑ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትን ተወና ለእኔ ሰጠኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የዋልኩ ነበርኩ፤ ክር ማስገባት ሥራ ሆነልኝ። ቀጥሎ ጥቁር ቁልፍና ቡናማ ቁልፍ መለየት አቃተው። በመጨረሻ ለአንድ መምህር የሰፋው ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው ረዘመ። መምህሩ ጨዋ ሰው ስለሆነ ምንም ሳይል ለብሶት ሄደ፤ ተመልሶ ግን አልመጣም። እንደ እሱ ያሉ ጨዋ ደንበኞች አንድ በአንድ አለቁብን።

በዚያን ጊዜ ብሌኑ ላይ እንደ እርጎ ውሃ ያለ ነጭ ነገር መጋረድ ጀምሮ ነበር። ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ጤና ረዳቱ በባትሪ አየውና፣ «አባት፣ ይህ የዓይን ሞራ ነው። አዲስ አበባ ይገፈፋል፤ አይስጉ። ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ አስይዝልዎታለሁ። እርስዎ ብቻ የነፃ ሕክምናውን ወረቀት ከቀበሌ ያምጡ» አለው። በራሳችን ገንዘብ ይሁን ብንል ደግሞ የስፌት መኪናዋን መሸጥ ነበረብን። መኪናዋ ከተሸጠች በኋላ ዓይኑ ቢበራ ምን ሊሰፋበት?

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በዚያች ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ። አባቴ አመለከተ፤ ማለትም እኔ ጻፍኩለት፣ እሱ ፈረመ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ኮሚቴው ደሃ መሆናችንን ሊያረጋግጥ እንደሚመጣ ተነገረን።

እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ቆመች።

«ቅዳሜ እንግዳ አለብን በይኛ!»

«እንግዳ አይደሉም እማዬ፣ ኮሚቴ ናቸው።»

«ኮሚቴ ሰው አይደለም? ሆድ የለውም?»

ከዚህ በኋላ እሷን ማቆም አልተቻለም። ግድግዳውን በአዲስ ጋዜጣ ለጠፈችው። ወለሉን ለቀለቀች። ወሬው በአጥር ተሻግሮ ሰፈሩ ሁሉ ተነሣ፤ እንግዳ የሚመጣው ለአንድ ቤት ቢሆንም የሚዋረደው ሰፈሩ ነው። ከአጥር ማዶ የሚኖሩት ሙስሊም ሴትዮ፣ እኔን ከልጆቻቸው ሳይለዩ ያሳደጉኝ ናቸው፣ «አካም ጂርቱ?» እያሉ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብለው፣ የሳሎናቸውን ቀይ ስጋጃ በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ። ስኳር ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤት ትልቁን ሬዲዮውን አመጣ። ወንበሮቹ ከእድር መጡ። ዶሮዋን እናቴ በዱቤ ገዛች፤ ለስላሳውን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔ አንድ ሁለቴ «ሰዎቹ የሚመጡት እኮ እንዳለን ሳይሆን እንደሌለን ለማየት ነው» ብዬ ነበር። እናቴ «አንቺ ደግሞ!» አለችኝ። ሰው ገበናውን ሸፍኖ እንግዳ ይቀበላል እንጂ ገልጦ ይቀበላል እንዴ?

አባቴ በበኩሉ ሙሉ ልብሱን ለበሰ።

ስለዚህ ልብስ ትንሽ መናገር አለብኝ። የጃንሆይ ጊዜ ጨርቅ ነው፣ ግራጫ ሱፍ፤ ራሱ ለራሱ የሰፋው። ለሠርግም ለለቅሶም ለስብሰባም እሱኑ ነው የሚለብሰው። ልብስ ሰፊ ራሱን ካላለበሰ ማን አምኖ ጨርቅ ይሰጠዋል ይላል። ከጊዜ በኋላ የኮቱ ገበር አለቀ። በዚያ ዘመን ደግሞ የገበር ጨርቅ ከከተማው ጠፍቶ ነበር፤ ኅብረት ሱቅ ካኪ ሲመጣ እንኳ ወረፋው አይጣል ነው። አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ብቻውን ሠራውና ወጣ። ገበሩን የዕርዳታ ዱቄት በሚመጣበት ነጭ የጥጥ ከረጢት ቀይሮት ነበር። ታጥቦ ታጥቦም ጀርባው ላይ የነበሩት ሰማያዊ የፈረንጅ ፊደላት አለቀቁም። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ ልብሱን የምናጥፈው እኛ ስለሆንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሰው ፊት ኮቱን አውልቆ አያውቅም። በናዝሬት ሐሩር ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ «አውልቀው እንጂ» ሲሉት፣ «ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኛል» ይላል።

ኮሚቴው መጣ። ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፣ ከሴቶች ማኅበር አንዲት ወይዘሮ፣ ከወጣቶች ማኅበር ደግሞ ደብተር የያዘ ጎረምሳ። አባቴ በሩ ድረስ ወጥቶ እጅ ነሣ። ሰዎቹ ስጋጃውን ሲረግጡ ጫማቸውን ለማውለቅ አመነቱ። ተቀመጡ፣ በሉ፣ ለስላሳውን ጠጡ። ሃምሳ አለቃው እናቴን መረቁ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ።

«ታዲያ ሥራ እንዴት ነው?» አሉት አባቴን።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞልቷል» አለ አባቴ።

እናቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና ከንፈሯን ነከሰች። እሱ ግን ሌላ ምን ይበል? ሰው እንዴት ነህ ሲባል ተመስገን ነው የሚለው፤ አባቴ ደግሞ ታሞ ቢተኛ እንኳ ተመስገን የሚል ሰው ነው። ወይዘሮዋ የሚቸግራቸው ነገር እንዳለ ጠየቀችው። «ምን ይጎድልብናል፣ ከሰው አላነስንም» አለ። ጎረምሳው እየጻፈ ነበር። ሃምሳ አለቃው ሲወጡ የኮቱን ክንድ ዳሰስ አድርገው፣ «እንዲህ ያለ ሱፍ ዛሬ የት ይገኛል!» አሉት። አባቴ ደስ ብሎት ሳቀ።

መልሱ ማክሰኞ መጣ። «ኑሯቸው የተመቸ ስለሆነ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ሃምሳ አለቃው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዓይናቸው ያየው ይህንኑ ነበር።

እናቴ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። «ዓይንህን በአንድ ዶሮ ሸጥነው እኮ!» አለችው። አባቴ ፊቱ አዝኗል፤ ግን ማታ መኪናዋን በጨርቅ ሲወለውል ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ከተንጎራጎረ ስንት ጊዜው! የመንግሥት ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ተወያይቶ፣ ይህ ሰው ደሃ አይደለም ብሎለታል። እኔ በዚያ ሳምንት ሁለቱንም ጠልቻቸው ነበር። እሷን ስለ ዶሮዋ፣ እሱን ስለ ማንጎራጎሩ።

እናቴ ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ቀበሌ ሄዳ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ እንደገና ይታይላት ተባለ። ቤቱ በአንድ ቀን ተገላበጠ። ስጋጃው፣ ሬዲዮውና ወንበሮቹ ከዚያ ቅዳሜ ማግሥት ጀምሮ ወደየባለቤታቸው ተመልሰዋል፤ አሁን የእኛም ተከተለ። መስታወቱን፣ የአልጋ ልብሱን፣ ሻይ የምናፈላበትን ድስት ሳይቀር በአጥር ላይ አሳልፋ ሰጠች። ሁለት የእንጨት ዱካ፣ መደቡና የስፌት መኪናዋ ቀሩ። ጋዜጣውን እንኳ ከግድግዳው ልትልጥ ጀምራ አልላቀቅ ስላላት ተወችው። አባቴን ግን አሮጌ ሹራቡን እንዲለብስ ማሳመን አልቻለችም። ሰው ሲመጣ ኮት ይለበሳል አለ፤ ለበሰ።

ሦስቱ ሰዎች ገብተው ባዶውን ቤት ሲያዩ ደነገጡ። ድንጋጤያቸው ግን እናቴ ያሰበችው ዓይነት አልነበረም።

«ሬዲዮው የት ሄደ?» አለ ጎረምሳው።

«የሰው ነው» አለች እናቴ።

«ስጋጃውስ?»

«እሱም የሰው።»

«ወንበሮቹስ?»

«የእድር ናቸው።»

«ታዲያ ባለፈው የገባንበት ቤት የማን ነበር?»

ወይዘሮዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «እህቴ፣ ንብረት አሽሽቶ ከመንግሥት ድጎማ መጠየቅ ያስጠይቃል እኮ» አለች ቀስ ብላ። በዚያ ዘመን «ያስጠይቃል» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አልነበረም።

በዚህ መሃል ከአጥር ማዶ ያሉት ሴትዮ እንግዶች መግባታቸውን ሰምተዋል። እናቴ ዛሬ ማንም ድርሽ እንዳይል ሰፈሩን ስታስጠነቅቅ ነው የሰነበተችው። ሴትዮዋም ቃላቸውን ለመጠበቅ የቻሉትን ያህል ታግሠዋል። እንግዳ ግን ዱካ ላይ ተቀምጦ ደረቁን ሲውል አንጀታቸው አልቻለም። ስጋጃውን በትከሻ፣ የተቆረጠ ፓፓያ በሳህን ይዘው ከች አሉ።

«አካም ጂርቱ? ፈያ? ኧረ እንግዳ መሬት ላይ ይቀመጣል እንዴ! ተነሡ እስቲ፣ ላንጥፍላችሁ።»

«ይኸው፣ ከተሸሸገበት መጣ!» አለ ጎረምሳው።

«ምኑ ነው የተሸሸገው? የእኔ ስጋጃ ነው!»

«ባለፈው እዚህ ነበር።»

«ባለፈውማ እንግዳ ነበራቸዋ!» አሉ ሴትዮዋ፣ ልጁ ይህን አለማወቁ ገርሟቸው።

ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። ጎረምሳው ደብተሩን ዘጋ። ወይዘሮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ለመነሣት ተሰናዳች። እነሱ ከዚያ በር ከወጡ ወረቀቱ የለም፤ ወረቀቱ ከሌለ አባቴ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ጊዜ በእጁ ግድግዳ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ያውቃል፤ ግን መደቡ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፎ ተቀምጧል።

እናቴ ዞር አለችና፣ «ኮትህን አውልቅ» አለችው።

«ምን?»

«አውልቅና አሳያቸው።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

አባቴ እጁን ወደ ላይኛው ቁልፍ ሰደደ፤ መልሶ አወረደው። ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁ። አሳዘነኝ፤ እንዲያወልቅም፣ እንዳያወልቅም በእኩል ፈለግሁ። ከዚያ ጣቶቹ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ኮቱን አወለቀ፣ በሁለት እጁ ገለበጠ፣ ለደንበኛ ሥራውን እንደሚያሳይ ሰው ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እጥፋቱን በመዳፉ አቃና። ሰማያዊዎቹ ፊደላት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነጠፉ።

«ገበሩ ይህ ነው» አለ።

ሃምሳ አለቃው ከዱካቸው ተነሡ። ኮቱን ከጉልበቱ ላይ አንሥተው ሱፉን ወደ ውጭ መለሱት፤ አባቴን ደግፈው አስነሥተው እጅጌውን አለበሱት፤ ቁልፉን ራሳቸው ቆለፉለት። «ይበቃል» አሉ፣ ለእሱ ይሁን ለጎረምሳው አልገባኝም። ፓፓያውን ግን በልተው ነው የሄዱት፤ ሴትዮዋ ሳትበሉ አትወጡም ብለው በሩ ላይ ቆሙባቸዋ።

ወረቀቱ መጣ። አባቴ አንብቢልኝ አለኝ። «ምንም ዓይነት ገቢ የሌላቸው ችግረኛ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ «በቃ፣ ገብቶኛል» አለ። በቀጠሮው ቀን በአውቶቡስ ይዤው ወጣሁ። ደብረ ዘይትን አልፈን ዱከም ስንደርስ ላቡ ኮቱን ዘልቆ ነበር። ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ወረቀቱን አየ፣ ሱፉን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። አባቴ የጸሐፊውን ዝምታ ሲሰማ፣ ሳይጠየቅ፣ የኮቱን ጫፍ ገለጥ አደረገለት። ጸሐፊው ማኅተሙን መታ።

የቀኝ ዓይኑ ተገፈፈለት። ፋሻው ተፈትቶ ወፍራም መነፅር ተሰጥቶት ወደ ናዝሬት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በመስኮት አፍጥጦ ሲያይ መጣ። ቤት ሲደርስ እናቴን ትክ ብሎ አያትና፣ «አርጅተሻል እኮ» አላት። «አንተን ሳስታምም ነዋ» አለችው፤ እያለቀሰች ነበር።

ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የጠየቀው ኮቱን ነው። በሩ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ መኪናው አጠገብ ተቀመጠና ገለበጠው። መነፅሩን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ገበሩን ከትከሻው እስከ ግርጌው ሲያይ ቆየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ይህን ነው ያሳየኋቸው?»

«አዎ» አልኩት።

«ጸሐፊውንም?»

«እሱንም።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «አሁን ከረጢት መሆኑ ምን ያሳፍርሃል? አለፈ እኮ!»

«ከረጢቱን ማን አለ?» አለ። «ዛሬ ከረጢት ያልለበሰ ማን አለ? ስፌቱን እይ እንጂ!»

ጎንበስ ብለን አየን። ያን ገበር የሰፋው በሩን ዘግቶ፣ ዓይኑ መጋረድ በጀመረበት ሰሞን መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ስፌቱ ጠማማ ነበር። አንዱ ጋ ሰፍቶ፣ አንዱ ጋ ጠብቦ፣ ብብቱ ሥር ተሸብሽቦ፣ ክሩም ጥቁርና ቡናማ ተቀላቅሎበታል። እኔና እናቴ ስንት ጊዜ አጥፈነዋል፤ ኮሚቴውም አይቶታል። ሁላችንም ከረጢቱን አይተናል እንጂ ስፌቱን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ገበሩን በምላጭ ፈታው። ከልማድ የተነሣ ክር ላስገባለት እጄን ዘረጋሁ፤ መርፌውን አልሰጠኝም። ክሩን በምላሱ አርሶ፣ አንዴ ስቶ፣ ሁለተኛ አስገባው። እንግዲህ ሌላ ጨርቅ ይፈልግ ይሆናል ብዬ ነበር። አልፈለገም። ያንኑ ከረጢት፣ ያንኑ ሰማያዊ ፊደል መልሶ፣ ቀኑን ሙሉ ምሳ እንኳ ሳይበላ ሰፋው።

በማግሥቱ ኮቱን ለብሶ ሃምሳ አለቃው ቤት ሄደ። መንገዱን ስላላመንኩት ተከተልኩት። ሃምሳ አለቃው ከሰዎች ጋር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ሰላምታ ሰጠ፣ ሳይቀመጥ ኮቱን አወለቀ፣ ገለበጠ፣ «ባለፈው ያዩት የቸኮለ ሥራ ነው፤ አሁን ይዩልኝ» አላቸው። ሃምሳ አለቃው የነገሩ መነሻ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው እንጃ፣ ስፌቱን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉትና ቀጥ ያለ ነው አሉት። ሌሎቹም በየተራ ዳሰሱት። አባቴ ኮቱን መልሶ አልለበሰውም። ከረጢቱን በውጭ አድርጎ ክንዱ ላይ ጣል አደረገውና በገበያው መሃል፣ በዚያ ፀሐይ፣ በሸሚዝ ወደ ቤት ሄደ።